ባለማሲንቆና የሙዚቃ ደራሲ፦ በሁለት ሰው የተከፈለ አንድ የሙያ መንገድ

ከሕዝብ መካከል የወጣ አንድ ባለመሣሪያ በመንደሩ የተማረውን ዜማ ይዞ ወደ መድረክ መውጣቱ፣ ከመድረክም ወደ ድርሰት ተሸጋግሮ ስሙን በተጻፈ ሥራ ማስጠራቱ በዓለም የሙዚቃ ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ግን ማሲንቆ ተጫዋቹ አንድ ሰው፣ የኦርኬስትራ ድርሰት ጸሐፊው ሌላ ሰው ሆነው ኖረዋል። ሁለቱ እጅግ ተቀራርበው የታዩት ከ1963 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ወገን እንደ አቶ ጌታመሳይ አበበ ያሉ ባለማሲንቆዎች በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ተቀመጡ፤ በሌላ ወገን ደግሞ እንደ ዶክተር አሸናፊ ከበደ ያሉ በኖታ የሠለጠኑ ደራሲዎች ያገራቸውን ዜማ ለኦርኬስትራ ጻፉ። መንገዱ ግን አንድ ሳይሆን ቀረ። ለዚህ ምክንያቱን በተሰጥኦ ማነስ ከመፈለግ ይልቅ ትምህርቱ በተደራጀበት ሁኔታ መፈለግ ይሻላል፤ ጉዳዩም የመምህራንና የዕቅድ አውጪዎች ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ መሣሪያውንና ትምህርቱን መመልከት ያሻል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው ነው። በሰያፍ የቆመው ባለ አራት ማዕዘን ገላው በቆዳ ይለበጣል፤ በላዩ የተወጠረው የፈረስ ጭራም እንዲሁ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ይገዘገዛል። ተጫዋቹ ጣቱን ከጎን ያስነካዋል እንጂ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም። ስለዚህ ድምፁ የሚገኝበት ስፍራ በእንጨቱ ላይ ምልክት የለውም፤ ምልክቱ ያለው በተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ ነው። ፒያኖ ለተማሪው ድምፁን አዘጋጅቶ ያቀርብለታል፤ ማሲንቆ ግን ተማሪው ድምፁን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያስገድደዋል። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ በጆሮው ያልለየ ልጅ በማሲንቆ አንዲት ዜማ እንኳ አስተካክሎ ሊያወጣ አይችልም። ጆሮን ለማሠልጠን ከዚህ የበለጠ ጥብቅ መምህር ማግኘት ያስቸግራል።

የአዝማሪ ልጅ የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ነው። ቀስ በቀስ ከመስማት ወደ መያዝ፣ ከመያዝ ወደ መጫወት ይሸጋገራል፤ ከጨዋታው ጋርም አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበትን የሙያ ቋንቋ ይማራል። ፈተናው ሠርግ ነው፤ ውጤቱም የሚታወቀው በዚያው ማታ በሚገኘው ሽልማት ነው። ከሁሉም ይልቅ ለትምህርት ባለሙያ ሊታሰብበት የሚገባው የግጥሙ አፈጣጠር ነው። ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ቃሉን ወዲያው ተቀብሎ በዜማው ልክ ያገባዋል፣ ሲያስፈልገውም ከራሱ ጨምሮ ወርቁን በሰሙ ሸፍኖ ይመልሰዋል። ይህ ወረቀት ባይኖርበትም ድርሰት ነው። ድምፅና ቃል፣ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ቅጽበት የሚገናኙበት፣ ሲያበቃም ሰሚው በጆሮው ይዞት ከሚሄደው በቀር ምንም የማይተርፍበት ድርሰት ነው። አዝማሪን «ተጫዋች» እንጂ «ደራሲ» አይደለም የሚለው አመለካከት የተመሠረተው ሥራው ባለመጻፉ ላይ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የማኅበራዊ ደረጃው ጉዳይ ይጨመራል። «አዝማሪ» እና «መዝሙር» የተባሉት ቃላት ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ አንደኛው ቃል ግን በቤተ ክርስቲያን ሲከበር፣ ሁለተኛው በገበያ ለስድብ ሲውል ኖሯል። አዝማሪን በቤቱ አጫውቶ የሸለመ ባላባት ልጁን ለአዝማሪ ይድር ነበር ማለት አይደለም። ይህ ዕጣ የባለእጁም ዕጣ ነበር። በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የቀጨኔ ሰፈር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶችና ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የከተማውን ሕዝብ ጀበናና ምጣድ፣ ጋቢና ነጠላ ሲያቀርቡ፣ በጎረቤት ዓይን ግን «ቡዳ» የሚባለው ስም አልተለያቸውም። በዚያም ሙያው ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ይተላለፋል፤ ልጅቱ ጭቃው መቼ እንደ በቃ በጣቷ ታውቃለች፣ በቃል አስረጂ ብትባል ግን ትቸገራለች። ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ አፄ ምኒልክ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል። እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋና ባለማሲንቆው የሚጋሩት ስድቡን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀታቸው በእጅና በጆሮ የሚኖር በመሆኑ ትምህርት ቤት ዕውቀት ነው ብሎ ለመቀበል መዘግየቱንም ይጋራሉ።

የአዝማሪን ክብደት ከወገን ይልቅ ጠላት አስቀድሞ የተረዳበት ጊዜም አለ። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎችንም እያሳደደ እንዲረሸኑ አድርጓል። ወሬና ቅኔ ከመንደር ወደ መንደር የሚያሸጋግር ሰው ለቅኝ ገዥ አደገኛ መሆኑ ተገቢ ግምት ነበር።

ኢትዮጵያ ዜማን በጽሕፈት የመያዝ ልማድ የሌላት አገር እንዳልሆነች መታወስ ይኖርበታል። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንደ ሠሩ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይመሰክራል። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚመደበው የማሕሌት ዜማ ከዚያ ወዲህ ከቃሉ በላይ በተጻፉ ምልክቶች እየተረዳ ሲተላለፍ ኖሯል። ይህ ጽሕፈት ግን ከቅጥሩ ውጭ አልወጣም። ደብተራው ብራና ሲኖረው አዝማሪው ጭራ ብቻ ኖረው፤ ሁለቱም ባንድ ገበያ ይገናኛሉ፣ በአንድ ጉባኤ ግን አይቀመጡም።

የአውሮጳ ኖታ በሌላ በር ገባ። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የማርሽ ባንድን በቤተ መንግሥት አቋቋሙ። በ1930 በንግሥ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናልባንዲያን ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የክብር ዘበኛን ባንድ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች መሩት። በእነዚህ ሁሉ ኖታ ማወቅ የወታደር ደመወዝና ማዕረግ ያስገኝ ነበር፤ ማሲንቆ ግን በሰልፉ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም። ስፍራ የሰጠው በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። በዚያ መድረክ ባለማሲንቆውና ባለክራሩ ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ከሽልማት ወደ ወር ክፍያ መሸጋገራቸው ቀላል ለውጥ አልነበረም።

በ1962 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ኤል-ዳብ በ1921 በካይሮ ተወልደው በግብርና ምህንድስና የተመረቁ፣ ገና በ1944 የዛር ሥርዓትን በሽቦ መቅጃ ቀድተው ድምፁን በመሣሪያ በመለዋወጥ አዲስ ሥራ የፈጠሩ፣ በ1958 ደግሞ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ጓድ «ክሊተምኔስትራ»ን የደረሱ ሰው ነበሩ። ዛርን ከልጅነታቸው የሚያውቅ የአፍሪካ ልጅ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ እንደ ሌላው የውጭ አገር መምህር አልመጣም። እርሳቸው ተማሪዎቻቸውን ቫዮሊን አላስያዙም፤ ባለማሲንቆውን፣ ባለክራሩን፣ ባለዋሽንቱን፣ ባለበገናውን፣ መለከትና እምቢልታ ነፊውን ከነመሣሪያው ሰብስበው በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። ቡድኑ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሥር ሆኖ ሠራ።

ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የየብሔረሰቡ መሣሪያዎች በአንድ ትልቅ ቡድን ውስጥ አብረው የሚጫወቱበት ልማድ አልነበረም። በገና የብቸኝነትና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ የግብዣ ነው፤ መለከት የአዋጅ ነው። ማሲንቆም የሚቃኘው ለጌታው ድምፅ ነው፤ አንድ አዝማሪ ብቻውን ሲሆን ጭራውን ለጉሮሮው በሚስማማው ልክ ይወጥራል፣ ማንንም አያማክርም። ብዙ ማሲንቆ ከክራርና ከዋሽንት ጋር ሲቀመጥ ግን የጋራ መቃኛ፣ የጋራ መነሻና መድረሻ ያስፈልጋል። ባለማሲንቆው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለትን መማር ነበረበት፤ ማለት የሌላው ተራ እስኪያልፍ መጠበቅን። ይህ የኦርኬስትራ ሀሁ ነው።

አቶ ጌታመሳይ አበበ ከቡድኑ ስመ ጥር ባለማሲንቆዎች አንዱ ነበሩ። እርሳቸው በመድረክ ከነበራቸው ዝና ባልተናነሰ ለትምህርት ታሪክ የሚጠቅመው በመምህርነት የፈጸሙት ተግባር ነው። ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ በ1966 በሰላም ጓድ አባልነት መጥቶ ማሲንቆን ከእርሳቸው ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኦርኬስትራው ጋር በሕዝብ ፊት እየቀረበ ተጫወተ፣ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም በአሜሪካ ሲዘዋወርና በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ ሳተን አብሮ ነበር። ከአዝማሪ ዘር ያልተወለደ፣ ቋንቋውን በጎልማሳነቱ የተማረ ሰው በጥቂት ዓመታት ለመድረክ መብቃቱ፣ ማሲንቆ በደም ይወረሳል እንጂ አይማሩትም የሚለውን አሮጌ አባባል በተግባር ያፈረሰ ነው። ፈረንጅ ከተማረው የጉለሌ ልጅ የማይማርበት ምክንያት አይኖርም። ሆኖም የአቶ ጌታመሳይ ስም በብዛት የሚነሣው በተጫዋችነት ነው፤ በመምህርነት የሚያነሣቸው ጥቂት ነው።

ኤል-ዳብ በ1964 አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ ቡድኑን ለጥቂት ጊዜ የሰላም ጓዱ ጆን ኮ፣ ቀጥሎም ከ1966 ጀምሮ አቶ ተስፋዬ ለማ መሩት። አቶ ተስፋዬ ዘፈን ደራሲ፣ መሣሪያ ሰብሳቢና አደራጅ ነበሩ፤ ቡድኑ የኖረው በእርሳቸው ጽናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1975 ኦርኬስትራው ፈረሰ። ለትውልድ የተረፈውም በዋናነት የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ከፊሉ በ2007 «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ እትም በ23ኛው ክፍል ወጥቷል።

በዚያው ዘመን የድርሰቱ ወገን በሌላ ቤት ይሠራ ነበር። ዶክተር አሸናፊ ከበደ በ1938 በአዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ በሮቸስተር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ከ1963 እስከ 1968 ዛሬ የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በ1967 በሃንጋሪ የመንግሥቱን ኦርኬስትራ እየመሩ «እረኛው ባለዋሽንት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ድርሰታቸውን አሰሙ። ርእሱ ራሱ ይናገራል፤ እረኛው በድርሰቱ ውስጥ አለ፣ በኦርኬስትራው ወንበር ላይ ግን የለም። ሃንጋሪን መጥቀስም ያለ ነገር አይደለም፤ ኮዳይና ባርቶክ ከ1905 ገደማ ጀምሮ የገበሬውን ዘፈን በፎኖግራፍ እየቀዱ የሰበሰቡት፣ ኮዳይም ያንኑ ዘፈን የሕፃናት ትምህርት መሠረት ያደረገው በዚያ አገር ነው።

ዶክተር አሸናፊ ለአዝማሪ ግዴለሽ አልነበሩም። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን አቅርበዋል፤ በ1975 ስለ አዝማሪ ባለቅኔነትና ሙዚቀኝነት፣ በ1977 ደግሞ ስለ ክራር በታወቁ የውጭ መጽሔቶች ላይ ጽፈዋል። ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 1998 ድረስ የኖሩትና ያስተማሩት ግን በአመዛኙ በአሜሪካ ነው። ስለ አዝማሪ በጥንቃቄ ከተጻፉት መካከል የሚቆጠረው ጽሑፍ የታተመው አዝማሪው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋና አገር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አዝማሪውን በዩኒቨርሲቲ ያስቀመጠው ኦርኬስትራ ፈረሰ። የሁለቱ ክስተቶች ግጥምጥም የታሰበ ባይሆንም የነገሩን መልክ በግልጽ ያሳያል።

መንገዱ አንድ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ለማሳየት የቻይናን ሁኔታ ማነጻጸር ይጠቅማል። ኧርሁ የተባለው መሣሪያ የማሲንቆ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለት አውታር አለው፣ በደጋን ይገዘገዛል፣ ጣትም አውታሩን ከእንጨት ጋር አያጣብቅም። እርሱም የመንገድ ዳር ለማኝ መሣሪያ እየተባለ ይናቅ ነበር። ሊዩ ቲየንኋ (1895–1932) ቫዮሊንንም ተምረው ኧርሁን በ1922 ወደ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ አስገቡት። ለመሣሪያው 10 የብቻ ድርሰቶችንና 47 የመለማመጃ ሥራዎችን ጻፉ። በታሪክ ዝነኞቹ ድርሰቶቹ ናቸው፤ ለሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ግን ክብደት ያላቸው አርባ ሰባቱ መለማመጃዎች ናቸው። ድርሰት አንድን ሰው ታላቅ ያደርጋል፤ መለማመጃ ደግሞ መሣሪያውን የክፍል ትምህርት ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ በ1950 ክረምት አቢንግ የተባለ ዓይነ ስውር የመንገድ ሙዚቀኛ በሙዚቃ ሊቃውንት ተፈልጎ ስድስት ዜማዎቹ ተቀዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። ስድስቱ ዜማዎች ወደ ኖታ ተገልብጠው የትምህርት ቤት መማሪያ ሊሆኑ የቻሉት መሣሪያውን በኖታ የሚያስተምር ክፍል አስቀድሞ ስለ ተገኘ ነው። በኢትዮጵያ አቢንግን የመሰሉ ብዙ ነበሩ። ኤል-ዳብና አሸናፊም ነበሩ። ያልነበረው ራሱ ማሲንቆ እየተጫወተ መለማመጃውን የሚጽፍ ሦስተኛው ሰው ነው።

ዛሬ ሁኔታው በከፊል ተለውጧል። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን ያስተምራል። ከዚያው ቤት የወጡት የፒያኖ ሊቅ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነታቸው የጀመሩት በክራር ነው፤ ፒያኖን በያሬድ ካገኙ በኋላ በሶፊያ ተምረው የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለፒያኖ ደርሰዋል። ከባህል መሣሪያ ወደ ድርሰት የሚወስደው መንገድ በአንድ ሰው ሕይወት ሊያልፍ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ድርሰቱ የተጻፈው ግን ለፒያኖ እንጂ ለክራር አይደለም።

በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት መግባቱ ለጉዳዩ አዲስ በር ከፍቷል። በቀጨኔ ወይም በሌላ የጉለሌ ቀበሌ የሚያስተምር መምህር ፒያኖ ባይኖረው ያስደንቃል ሊባል አይችልም። ማሲንቆ ግን እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ነው፤ ሁሉም በአገር የሚገኝ፣ ሠሪውም በአገር ያለ ነው። የሚጎድለው መለማመጃው ነው። የመጀመሪያው መለማመጃ ጣት ሳይነካ በአንዱ ጭራ ላይ ደጋንን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ መሳብ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የትዝታን የመጀመሪያ ሦስት ድምፆች በድምፅ አዚሞ ከዚያ በጣት መፈለግ፤ ሦስተኛው መምህሩ «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ሰጥቶ ተማሪው በእነዚያው ሦስት ድምፆች እንዲመልስ ማድረግ። በአራተኛው ሳምንት ተማሪው የመለሰውን በኖታ ይጽፈዋል፤ የሚያስጽፈው መምህር፣ ጣቱንና ደጋኑን የሚያርመው ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠ ባለማሲንቆ ይሆናል። ለዚህ ባለሙያ ክፍያ በየትኛው የበጀት ርእስ እንደሚያዝና የምስክር ወረቀት ከሌለው በምን ማዕረግ እንደሚቀጠር መወሰን የዕቅድ ክፍሉ ሥራ ነው።